የተነጨው ፊት

የካቲት ፲፯ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም፣ በኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ታረቀኝ የአንሙትን ሥራ በኖራ አጠፋ። ሰዓቱን የማይረሳው የጣሊያን ምሽግ አስተርጓሚ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ ሥዕሉን አያለሁ» ብሎ ስለላከ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ቀርቶት ነበር። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ ስንት ነገር ማድረግ ይችል እንደነበር ሲያሰላ ዕድሜውን ጨረሰ።

ነገሩ የሆነው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ፣ በመሪጌታ ገብረ ኪዳን የሥዕል ቤት ነው። የሥዕል ቤት ይባል እንጂ ጎጆ ነበረች። በአንዱ ወገን አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ተወጥሯል። በሌላው ወገን ጥላሸት፣ የተፈጨ ቀይ አፈር፣ ኖራና የቆዳ ሙጫ በየገሉ ተቀምጧል። ጨርቁ እዚያ ተሥሎ ሲያልቅ ተጠቅልሎ ይሄድና ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ በሙጫ ይለጠፋል።

ተማሪዎቹ ሦስት ነበሩ። ታረቀኝ የሉማሜ ልጅ ነው፤ ከመሪጌታ ዘንድ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። እጁ ቀጥ ያለ፣ መስመሩ እንደ ክር የተሳበ። እንዳላማው ከመርጡለ ማርያም የመጣ ሳቂታ ነው፤ ቀለም ሲፈጭ ካልዘፈነ አይሆንለትም። አንሙት የዚያው አገር ልጅ፣ ለናቱ አንድ፣ ከገባ ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

ሌላ መምህር ዘንድ ቢሆን ተማሪ የመምህሩን ንድፍ ሰባት ዓመት ይገለብጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው የራሱን ጨርቅ የሚያገኘው፤ ያንንም ማንም አይነካበትም። የኔታ ገብረ ኪዳን ግን እንግዳ ሰው ነበሩ። ለሦስት ተማሪ አንድ አቡጀዲ ይሰጣሉ። አንዱ ጠዋት ይጀምራል። ጥላው ከበሩ ደፍ ሲደርስ «ተነሥ!» ይሉትና ሌላው በቦታው ይቀመጣል። የተቀመጠውም ያገኘውን ይቀጥላል። ሕጋቸው አንዲት ነበረች፤ የባልንጀራህን መስመር ካልወደድኸው ጨምርበት፣ ማጥፋት ግን ክልክል ነው።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሁሉም በሳምንቱ ያበላሸውን እየያዘ ፊታቸው ይቀርባል።

አንድ ዓርብ እንዳላማው የማርቆስን አንበሳ ሥሎ አመጣ። አንበሳው ጡት ያልጣለ ጥጃ መስሏል። አንሙት ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ምን ያስቅሃል?» አለ እንዳላማው፤ «እናቱ ሜዳ ሄዳበት ነው።»

የኔታ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። «እሰይ! ደፍረሃል። ይህን ጆሮ ከኔ አልተማርኸውም። ታረቀኝ፣ አንተስ ምን አበላሸህ?»

«እኔ ያበላሸሁት የለም የኔታ።»

«ሳምንቱን ሙሉ?»

«ሳምንቱን ሙሉ።»

«እንግዲያማ ሥራ ፈትተህ ነው የከረምኸው።»

እነ እንዳላማው ሳቁ። ታረቀኝም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም።

አንሙትን መጀመሪያ ላይ አይወደውም ነበር። እሱ የቅዱስ ዮሐንስን ካባ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ይተወዋል፤ ጥላው ዞሮ ተራው የአንሙት ሲሆን ያ ጠርዝ ነፋስ እንደገባበት ብድግ ይላል። ታረቀኝ ቀኑን ሙሉ ይናደዳል። እየቆየ ግን መናደዱን ትቶ መጠበቅ ጀመረ። ከደጅ ቁጭ ብሎ አትክልት እየቀነጠሰ «አሁን ደግሞ ምን አድርጎት ይሆን?» ይላል። ገብቶ ሲያየው አንዳንዴ ይስቃል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ሌሊት በአንድ ቁርበት ላይ ነበር የሚተኙት። አንሙት «አያ ታረቀኝ» እያለ ነበር የሚጠራው፤ ታረቀኝ ታላቅ እንጂ ታናሽ ወንድም ኖሮት አያውቅም፤ ያ ስም ደስ ይለው ነበር።

በ፴ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ጣሊያን የአንሙትን አባት አቶ ፈንታን ጠመንጃ ደብቀሃል ብሎ በገበያ ቀን ሰቀላቸው። እናትየው እመት ሥራነሽ ከገመዱ ሥር ተቀምጠው ፊታቸውን ነጩ። በሁለቱም ጣታቸው፣ ከቅንድባቸው ጫፍ እስከ ጉንጫቸው፣ ደሙ ነጠላቸው ላይ እስኪወርድ። የምሽጉ አስተርጓሚ ራሱ ነበር እጃቸውን ይዞ ያነሣቸው። ቄሰ ገበዙ አስማማው ለአርባው ሲመጡ «ሥራነሽ፣ ፊት መንጨት የአረማዊ ወግ ነው፤ ንስሐ ግቢ» ብለው ገሠጿቸው። ሴትዮዋ «እሺ አባቴ» አሉ፤ ቁስሉ ግን ሦስት ሦስት መስመር ሆኖ ጠባሳው ቀረ።

አንሙት ለአባቱ አላለቀሰም። ለተሰቀለ ሰው ድንኳን ጥሎ ማልቀስ ያስጠይቅ ነበርና እንባው አልወጣ ብሎ ቀረ። ተመልሶ መጥቶ ሥራውን ያዘ። ዓይን አልሠራም፣ ፊት አልሠራም። የልብስ ጠርዝ ብቻ።

በዚያ ሰሞን ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚለጠፈው የስቅለት ሥዕል ተጀምሮ ነበር። ለግንቦት ልደታ መድረስ አለበት። የኔታ የጌታን ሥዕል በራሳቸው እጅ ጨረሱ። የካቲት እንደ ገባ ከደብረ ማርቆስ መጥሪያ መጣባቸው፤ መሪጌቶቹ ሁሉ ቀርበው ስማቸውን ያስመዝግቡ ተባለ። ከመሄዳቸው በፊት የቀረውን አከፋፈሉ። ዮሐንስ ለእንዳላማው። ባለ ጦሩ ጭፍራ ለታረቀኝ። የእመቤታችን ፊት ለአንሙት።

ታረቀኝ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ፊት ነበር። የኔታን እስከ አጥሩ በር ሸኝቷቸው ሲያበቃ አላስቻለውም።

«የኔታ፣ ፊቷ ለኔ አይገባም ነበር?»

የኔታ በቅሏቸውን አቆሙ። «አንተማ ታውቃታለህ። ዓይንህን ጨፍነህ ትሠራታለህ። እሱ ግን አያውቃትም፤ ይፈልጋት። አንተ ከጎኑ ቁም። ብቻውን እንዳትተወው።»

«እሺ የኔታ።»

አንሙት ከጨርቁ ፊት አራት ቀን ተቀመጠ፤ አንድ መስመር አልጫረም። በአምስተኛው ቀን፣ ለኪዳነ ምሕረት ዋዜማ፣ ማለዳ ተነሥቶ እስኪመሽ ሠራ። «ተነሥ» የሚለው ስላልነበረ ማንም ከቦታው አላስነሣውም።

ታረቀኝ ገብቶ አየው። እመቤታችን ከመስቀሉ ሥር ቆማለች። ነጠላዋ ወደ ኋላዋ ተንሸራቷል። ከቅንድቧ ጫፍ እስከ ጉንጯ በዚህም በዚያም ሦስት ሦስት መስመር ተነጭታለች። ደሙ ደርቋል። ዓይኗ ውስጥ እንባ የለም፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ ድምፅዋ አልቆ አየር ብቻ እንደቀራት ሰው። እመቤታችን ናት። እመት ሥራነሽም ናቸው።

«አንተ ልጅ ምን ነካህ?» አለ ታረቀኝ። «እመቤታችን ፊቷን ነጨች የሚል የት አንብበሃል?»

«አላነበብሁም።»

«ታዲያስ?»

«ልጇ ተሰቅሎባት ፊቷ እንደ መስተዋት ጠርቶ ቆመች የሚለውንስ አንተ የት አነበብኸው?»

እንዳላማው ከኋላቸው ቆሞ ጭንቅላቱን አከከ። «ቄሰ ገበዙ ያዩ እንደሆን ይሰቅሉሃል። ደግነቱ ከቀኝ ወንበዴው ጎን ትንሽ ቦታ ተርፎናል፤ እዚያ እንሥልሃለን።»

አንሙት ሳቀ። ከኅዳር ወዲህ ሲስቅ ያን ጊዜ ነው የሰሙት። ከዚያ ወደ ታረቀኝ ዞረ፤ «አያ ታረቀኝ፣ ከነገ ወዲያ ተራው ያንተ ነው። ጨምርበት። እኔ የሠራሁት አንተ ካልጨመርህበት ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ይወድቅብኛል።»

ማግስቱ በዓል ነበር፣ አልሠሩም። ሐሙስ ማለዳ አንሙት አውድማ ላይ የቀረችውን ጤፍ ለናቱ ሊወቃላቸው ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ቄሰ ገበዙ እየቃተቱ መጡ፤ ከበሩም አላለፉ።

«ልጆቼ፣ አስተርጓሚው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። እነዚህ ተማሪዎች የሽፍታ ሥዕል ይሥላሉ ብሎ የነገረባችሁ ሰው አለ። ቤቱን አጽዱ፣ ጨርቁን ግለጡና ጠብቁት» ብለው ተመለሱ።

ታረቀኝ ወደ ፊቱ ዞረ። ይህን ፊት አስተርጓሚው ያውቀዋል። እጃቸውን ይዞ ያነሣቸው የእመት ሥራነሽ ፊት ነው። የተሰቀለ ሰው ሚስት ከጌታ መስቀል ሥር፣ ያውም በልጇ እጅ!

«ጠቅልለን እንደብቀው» አለ እንዳላማው።

«ባዶ ግድግዳ ካየ ደግሞ ቤቱን ያስፈትሻል።»

«እንግዲያስ ጨምርበታ። ተራህ አይደለም?»

ታረቀኝ ቀለም ነክሮ ቀረበ። ምን እንደሚጨምር አጣ። ይህ ፊት ከሚያውቃቸው ፊቶች አንዱንም አይመስልም። መስመሩ የሚጀምርበትም የሚያልቅበትም አልታይ አለው። ብሩሹን አስቀመጠ፣ አነሣ፣ አስቀመጠ። ከዚያ እጁ ወደ ኖራው ሄደ። እንዳላማው «ተው! ተው እንጂ!» እያለ ክንዱን ቢይዘው በክርኑ ገፋው። አንዴ ከላይ ወደ ታች፤ ደግሞ አንዴ። ሲጨርስ ከአንገቷ በላይ ነጭ ነበር። «አልደረሰም እንላለን» አለ።

አስተርጓሚው መጣ። ራሱን ያመዋል መሰል በሻሽ አስሮታል። ለጨርቁ ጀርባውን ሰጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ውኃ ጠየቀ፣ ጠጣ፣ የሁለቱን ስምና አገር ጠየቀ። ሊወጣ ሲል ከበሩ ላይ ዞር ብሎ «ስቅለት ነው?» አለ።

«አዎን ጌታዬ።»

«ጥሩ ነው» አለና ሄደ። ከአንድ እፍኝ ቆሎ መቆርጠሚያ ጊዜ በላይ አልቆየም።

አንሙት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ገባ። ገለባ ፀጉሩ ላይ ነበረበት። ከጨርቁ ፊት ቆመ። አልጮኸም።

«ምን አደረግሁህ?» አለ።

ታረቀኝ ሁሉንም ነገረው። ቄሰ ገበዙን፣ አስተርጓሚውን፣ ፍርሃቱን። አንሙት እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ነጠላዋን ወደ ፊቷ ብትስበው ኖሮስ? ቁስሉን ይሸፍነው ነበር። ሁለት መስመር እኮ ነው አያ ታረቀኝ።»

ታረቀኝ ወደ ነጩ ቦታ ዞሮ አየ። ሁለት መስመር ነበር። አልመጣለትም።

«ለኔ ብለህ ነው ያጠፋኸው ወይስ ለራስህ?»

«ላንተ ብዬ ነው፤ ማርያምን!»

«በማርያም አትማል» አለ አንሙት። «ዛሬ እንኳ በማርያም አትማል።»

እጁን ታጠበ፣ ጋቢውን አነሣ፣ ወጣ። ታረቀኝ ተከትሎት እስከ አጥሩ ደረሰ፤ ከዚያ እግሩ አልሄድለት አለ። በአራተኛው ቀን አንሙት ከአጎቱ ከአበረ ጋር ዱር ቤቴ ማለቱ ተሰማ።

የኔታ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ተመለሱ። ገብተው ነጩን ቦታ አዩ። ማን እንደሆነ አልጠየቁም፤ ታረቀኝ ራሱ «እኔ ነኝ» አለ። ተንበርክኮ ግርፋት ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌው ከአጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ጥፋቱስ የኔ ነው» አሉ። «እሱን ድፈር፣ ድፈር እያልሁ አሳደግሁት። የደፈረ ሰው አጠገብ እንዴት እንደሚቆም ግን አንተን አላስተማርሁህም። ቁም ብዬህ ሄድሁ። ቁም ማለት ማስተማር መስሎኝ።»

«የኔታ፣ ቀንቼ ይሆን?»

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ።»

በማግስቱ እንዳላማውን ወደ ዱር ላኩት። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ተራው ያንተ ነውና ና። እንዳላማው በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ፊቱ ፈክቷል።

«ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ ብሏል። ከስቶ ጺም አብቅሏል፤ እኔ እንኳ ባሕታዊ መስሎኝ ልሳለመው ነበር።» ከዚያ ወደ ታረቀኝ ዞረ። «ላንተም ልኮልሃል። ኖራውን እንዳትፍቀው፤ እንዲያውም በነጩ ላይ አዲስ ነገር ታይቶኛል፣ ላንተም ቦታ አለህ ብሏል።»

ታረቀኝ ወጥቶ ከጓሮ አለቀሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ እየተነሣ የአንሙትን ብሩሽ ያጥብ፣ ቀይ አፈሩን እንደ ዱቄት እስኪልም ይፈጭ ጀመር። እንዳላማው «ሙሽራ የሚመጣ ነው የሚመስለው» ብሎ ይቀልድበታል፤ ታረቀኝም ደስ ብሎት ይሰማዋል።

በደብረ ዘይት ሳምንት ከጨሞጋ መሻገሪያ ላይ ተኩስ ተሰማ። አበረ የአንሙትን ሬሳ ከወንዙ አውጥቶ እዚያው ቀበረው። ለናቱ ጋቢውን ብቻ አመጣላቸው።

ዜናው በደረሰበት ቀን ታረቀኝ የተባለውን ሁሉ ረሳ። ቢላ አንሥቶ ኖራውን ይፍቅ ገባ። ከሥሩ ያለውን ፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያየው ፈልጎ ነበር። ሙጫው ጠንካራ ነበርና ኖራውም ቀለሙም አንድ ላይ ተፈቅፍቆ ወረደ። ባዶ አቡጀዲ ቀረ። እንዳላማው ከመሬት ላይ ፍቅፋቂውን ለቀመ፤ ቀይ ያለበት አንዲት ቁራጭ አገኘና አሳየው። ከየትኛው ጉንጭ እንደሆነች ማወቅ አይቻልም ነበር።

ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን እመት ሥራነሽ መጡ። የኔታ ወጥተው ሊቀበሏቸው ሲሉ አልፈዋቸው ገቡ።

«ልጄ እኔን ሥሎ ነበር። አውድማ ላይ ነገረኝ። እማ፣ አንቺን ከጌታ እግር ሥር አቁሜሻለሁ አለኝ። እስቲ አሳዩኝ።»

ታረቀኝ ባዶውን ቦታ በጣቱ አሳያቸው።

«የታል?»

«እኔ አጠፋሁት እመት ሥራነሽ። ፈርቼ ነው።»

ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞሩ። «እንዴት አድርጎ ነበር የሣለኝ?» አሉ።

ነገራቸው። ነጠላዋን ነገራቸው፣ ዓይኗን፣ የተከፈተውን አፏን።

«ይህስ?» አሉ ጠባሳቸውን በጣታቸው እየነኩ። «ይህንንም አድርጎት ነበር?»

«አድርጎት ነበር። በሁለቱም በኩል።»

«አላፈረብኝም ማለት ነው» አሉና ማቃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። ቀና ሲሉ ከጨርቁ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «እንግዲያስ አንተ ሣለኝ። ይኸው ፊቴ አለልህ።»

ሦስት ቀን ተመላለሱ። የኔታ ሕጋቸውን መለሱት፤ ጥላው ከደፉ ሲደርስ ይነሣሉ፣ ሌላው ይቀመጣል። እንዳላማው አገጩን ጀመረ። የኔታ ዓይኑን ጨመሩ። ታረቀኝ ጠባሳውን ሊሥል ቀረበ፤ የመጀመሪያዋን መስመር ሳበ። መስመሯ ቀጥ ብላ፣ ንጹሕ ሆና፣ እንደ ክር ወረደች። ጥፍር ያወጣት አትመስልም። ሁለተኛዋን ሊያበላሽ ሞከረ፤ እሷም ቀናች። በዘጠኝ ዓመቱ መበላሸትን እጁ አልተማረም። ግንቦት ልደታ አምስት ቀን ሲቀረው ቄሰ ገበዙ እየመጡ ይጨቀጭቁ ጀመር፤ ከምሽጉም ይመጣሉ ተባለ። ታረቀኝ ጠባሳዎቹን በነጠላ ሸፈናቸው፣ አፏን ዘጋው፣ ዓይኖቿን አስተካከላቸው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቃት ፊት ሆነች።

እመት ሥራነሽ በመጨረሻው ቀን መጥተው ቆመው አዩዋት።

«ቆንጆ ናት» አሉ። «እኔ ግን አላውቃትም።»

ከዚያ የታረቀኝን ራስ በእጃቸው ዳበስ አደረጉና ወጡ። ቢመቱት ይሻለው ነበር።

ሥዕሉ ለግንቦት ልደታ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሕዝቡ እልል አለ፤ ቄሰ ገበዙም «እንዲህ ያለች እመቤታችን በጎጃም አልተሣለችም» ብለው መረቁ። እመት ሥራነሽ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ሲሳለሙ የነበረው ግን ማዶ ያለውን የሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ነው።